ለገዳይ የነበረው ክብር ለጠባቂ ይሁን

ማናቸውም አገር ሕዝቡን የሚያስተምረው በትምህርት ቤትና በዐዋጅ ብቻ አይደለም፤ በሽልማትም ያስተምራል። ልጅ በአደባባይ ማን እንደ ተመሰገነ ያያል፤ ያየውንም ሰው ሊመስል ይመኛል። ስለዚህ ምስጋና ለተመስጋኙ ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን፣ ለሚመለከተው ትውልድ ሁሉ የሚነገር ትምህርት ነው። የሚገባው ሰው ሳይመሰገን የቀረ እንደ ሆነም የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ እርሱን ሊከተሉ ይችሉ የነበሩት ሁሉ መንገዱን ሳያውቁት ይቀራሉ። ዛሬ ይህን እንድንጽፍ ያደረገን፣ በዱርና በበረሓ የአገርን ሀብትና የሰውን ነፍስ ሲጠብቁ ስለሚኖሩት ስለ ፓርክና ስለ ዱር አራዊት መጠለያ ሠራተኞች ያለብን ዕዳ ነው።

ነገሩን ከሐረር ከተማ፣ ከፈላና በር እንጀምር። ሐረርን ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አሮጌይቱ ከተማ በጀጎል ቅጥር የተከበበች ናት። የቅጥሩም ሥራ በ16ኛው መቶ ዓመት በነበሩት በአሚር ኑር ስም ሲነገር ይኖራል። በሮቹ ከጥንት አምስት ናቸው፤ ፈላና በር በሰሜን፣ ኤረር በር በምሥራቅ፣ ሰንጋ በር በደቡብ ምሥራቅ፣ ቡዳ በር በደቡብ፣ ሸዋ በር በምዕራብ ይገኛሉ። በአሚሮቹ ዘመን እነዚህ በሮች ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ልጆቹን ይዞ በሰላም የሚተኛው የበሩ ዘበኛ ስለማይተኛ ነበር። ይሁን እንጂ የአሚሮቹንና የታላላቆቹን ነጋዴዎች ስም የታሪክ መጽሐፍ ሲነግረን፣ የበሩን ዘበኞች ስም የሚነግረን የለም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የወታደር ሥራ ድል ሲያደርግ ይታያል፤ የግንበኛም ሥራ ግንቡ ሲቆም ይታያል። የጠባቂ ሥራ ግን የሚታየው ሲጐድል ነው። ዘበኛው በደንብ የጠበቀ እንደ ሆነ ምንም ነገር አይሆንም፤ ሌባው አይገባም፣ እሳቱ አይነሣም፣ አራዊቱ ሰውን አይጐዳም። ሰውም ምንም ነገር ሳይሆን ላደረ ሌሊት የሚያመሰግነው አይፈልግም። በዓለም ላይ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ጥበቃ ምስጋና የሚያንሰው ሥራ ሆኖ የኖረው ስለዚህ ነው።

በፈላና በር ውጭ ሲመሽ የሚታየው ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጅብ በሌላ አገር የሚፈራና የሚጠላ አውሬ ሲሆን፣ የሐረር ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ከርሱ ጋር በስምምነት ይኖራል። በጀጎል ቅጥር ውስጥ ውሃ የሚወርድባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቦች በሌሊት በነርሱ ገብተው የወደቀውን ጥራጊ ሥጋና አጥንት አጽድተው ይወጣሉ። በአሹራ በዓልም ቅቤ ያለበት ገንፎ እየተሠራ ለጅቦች የሚቀርብበት ልማድ አለ። ከበሩም ውጭ ጅቦቹን በስማቸው እየጠራ ሥጋ የሚያበላ ሰው ሲኖር፣ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ይህንን ለማየት ይሰበሰባሉ። እንግዳው የሚደነቀው በጅቡ ነው፤ በእውነት ሊደነቅ የሚገባው ግን በሰውዬው ነበር። የጅቡን ጠባይ፣ የትኛው ደፋር የትኛው ፈሪ እንደ ሆነ፣ መቼ ሊቈጣ እንደሚችል አጥንቶ በእንግዳውና በአውሬው መካከል የቆመ እርሱ ነውና። ሰውና አራዊት በአንድ አገር ተስማምተው የሚኖሩት፣ የሁለቱን ወሰን የሚያውቅና በወሰኑ ላይ የሚቆም ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

ሐረር ግን ይህን መልካም ልማድ ብቻ አይደለም የምታስታውሰው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሐረር ታላቅ የዝሆን ጥርስ ገበያ ነበረች። ከቡናና ከቆዳ ጋር የዝሆን ጥርስ በግመል እየተጫነ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከ1873 ዓ. ም. ጀምሮ በሐረር ተቀምጦ ሲነግድ፣ ከሚነግድባቸው ዕቃዎች አንዱ ይኸው ነበር። ሸክሙን የተሸከመችው ግመል ከበሩ ስትወጣ ያየ ሰው፣ ስለ ጥርሱ ዋጋ እንጂ በቆላ ስለ ወደቀው አውሬ ያሰበ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ክብር የማን እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቁታል። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ግዳዩን ይዞ ሲመለስ በእልልታ ይቀበሉታል፤ በራሱ ላይ ቅቤ ይቀባል፣ ይፎክራል፣ የጀግንነቱን ምልክት በጆሮው ወይም በራሱ ላይ ያደርጋል። በግብር አዳራሽ የሚቀመጥበት ስፍራ ከፍ ይላል። ይህን ስንል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። አውሬው በበዛበትና ጠመንጃ ባነሰበት ጊዜ ከዝሆን ፊት መቆም በእውነት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን ክብር የሚያሳድገውን ያሳድጋል። ለገዳይ ክብር ስንሰጥ ገዳይ በዛ፤ ዝሆኑ አለቀ።

መንግሥት አደጋውን ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ. ም. ገደማ ለአደን፣ ይልቁንም ለዝሆን አደን ሥርዓት አወጡ። በ1936 ዓ. ም. በነጋሪት ጋዜጣ ቍጥር 61 የሆነው የአራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ታወጀ። በ1962 ዓ. ም. ደግሞ ከሐረር በስተ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ቆላ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ተቋቋመ። ስፋቱ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎች በውስጡ ይገኛሉ። በአፍሪካ ቀንድ በዚህ ጫፍ የቀረው የዝሆን መንጋ በዚያ ይኖራል፤ ቍጥሩም በጥቂት መቶዎች የሚቈጠር ብቻ ነው። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳም የዚያው አገር ነዋሪ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ. ም. ደግሞ መንግሥት ከአዳኞችና ከነጋዴዎች የያዘውን ከ6 ቶን በላይ የሆነ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጠለ። አያቶቻችን በወርቅ ይለውጡት የነበረው ዕቃ በአደባባይ ዐመድ ሲሆን መታየቱ፣ የአገር ሐሳብ እንደ ተለወጠ ታላቅ ምስክር ነው።

እንግዲህ ሕጉ ተለውጧል፤ ክብሩ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ ተለውጧልን? ገዳዩ ወንጀለኛ ሆኗል፤ ጠባቂው ግን በገዳዩ ስፍራ በአዳራሹ ከፍ ብሎ ተቀምጧልን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

የጠባቂው ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንናገር። የዱር አራዊት ጠባቂ፣ በተለምዶ ስካውት የሚባለው፣ ስንቁን በጀርባው ይዞ ኮቴ እየተከተለ በእግሩ የሚዞር ሰው ነው። የቆላው ፀሓይ ያቃጥለዋል፣ ወባ ያገኘዋል፣ ከቤተ ሰቡ ርቆ ብዙ ቀን ያድራል። ዝሆን በበኩሉ የመንግሥትን የወሰን ምልክት አያውቅም፤ በለስና ቅጠል ፍለጋ ወይም ውሃ ፍለጋ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ሲሄድ በመንገዱ የገበሬ ማሳ ያገኛል። በአንድ ሌሊት የዓመት እህል ይጠፋል። ገበሬው ተቈጥቶ ችቦና ጦር ይዞ ይወጣል፤ ዝሆኑም ሲቈጣ ሰው ይረግጣል። በዚህ ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚገባ ጠባቂው ነው። መንጋውን ወደ ሸለቆው ይመልሳል፤ የተቈጣውንም ሰው ያበርዳል። በዚያ ሌሊት የዳነው ዝሆኑ ብቻ ነው ወይስ ሰውም ጭምር ነው? ነገሩን ያስተዋለ ሁሉ ሁለቱም እንደ ዳኑ ያውቃል።

አራዊትን የሚጠብቅ ሰውንም እንደሚያድን ሌላም ምስክር አለ። በባሌ ተራሮች፣ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ይህ አውሬ ዛሬ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም። በ1996 ዓ. ም. የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ገብቶ ቀበሮዎቹን በብዛት ፈጀ። ጠባቂዎቹም በብርድና በዳገት እየተጓዙ የመንደሩን ውሾች ማስከተባቸው ዋና ሥራቸው ሆነ። ውሻው ሲከተብ ቀበሮው ይድናል፤ ነገር ግን የዚያ መንደር ሕፃንም ከእብድ ውሻ ንክሻ ይድናል፤ የገበሬው ላምና ፈረስም ይድናል። ሕፃኑ ማን እንዳዳነው ሳያውቅ ያድጋል። ይህም ቀደም ብለን የተናገርነው፣ ምንም ነገር ሳይሆን ያደረው ሌሊት ነው።

የስሜን ተራሮችም እንዲሁ ናቸው። በ1962 ዓ. ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የታወጀው፣ በ1970 ዓ. ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህ ስፍራ፣ በ1989 ዓ. ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ተጻፈ። ከዚያም ዝርዝር የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ. ም. ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በገደሉ አፋፍ ላይ በብርድ የቆመ ሰው ባይኖር ያ ስም ባልተፋቀ ነበር። በ2011 ዓ. ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በዚያው ፓርክ እሳት ሲነሣ ከውጭ አገር በአየር የሚረዳ እስኪመጣ ድረስ፣ ከመጣም በኋላ፣ በቅጠልና በአፈር እሳቱን ይታገሉ የነበሩት የፓርኩ ሠራተኞችና የአካባቢው ሕዝብ ነበሩ።

ከአገራችን ውጭም ብንመለከት፣ በኮንጎ የሚገኘው የቪሩንጋ ፓርክ የደም ዋጋ የተከፈለበት ስፍራ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ. ም. በአንድ ቀን 12 ጠባቂዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። የወደቁት በአደጋ ላይ የነበሩ ሲቪል ሰዎችን ለመርዳት ደርሰው እንደ ነበር ፓርኩ አስታውቋል። በአገራችንም በልዩ ልዩ ፓርኮች ጠባቂዎች በሥራቸው ላይ ሳሉ በጥይት ወድቀዋል። የዓለም የጠባቂዎች ማኅበር ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን የጠባቂዎች ቀን ሆኖ እንዲከበር ያደረገው፣ የሞቱት እንዲታሰቡና በሕይወት ያሉት እንዲመሰገኑ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ተቃውሞ ይሰማል፤ ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባል።

አንደኛው፣ ጠባቂው ደመወዝ ይቀበል የለምን? ለተከፈለበት ሥራ ምስጋና ስለ ምን ይጨመርለታል? የሚል ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለቀኑና ለድካሙ ነው። ሕግ አንድን ሰው በተመደበበት ስፍራ እንዲቆም ሊያዝዘው ይችላል፤ ስለ ሌላ ሰው ነፍስ ነፍሱን አሳልፎ እንዲሰጥ ግን በደመወዝ ሊገዛው አይችልም። ያ ከደመወዙ በላይ በገዛ ፈቃዱ የሚሰጠው ነው። በገንዘብ ያልተገዛውን ነገር በክብር ካልመለስነው በምን እንመልሰዋለን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ሰው መሬት አጥቶ ሳለ ለአራዊት ይህን ያህል መሬት መከለል፣ ጠባቂውንም ማክበር ተገቢ ነውን? ይላል። የድሀውን ችግር ማንም ሊንቀው አይገባም። ወደ መጠለያው ገብቶ የሚያርሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ስፍራ ያጣ ሰው ነው። ነገር ግን ይህን ችግር የመፍታት ሥራ የዘበኛው አይደለም፤ የሹማምንት ነው። ሹም ሳይቈርጠው በይደር ያቆየው ነገር ሁሉ በመጨረሻ የሚወድቀው በጠባቂው ደረት ላይ ነው። መሬቱን ያልሰጠው እርሱ ሳይሆን የሚጠላው እርሱ ነው፤ ወሰኑን የደነገገው እርሱ ሳይሆን የሚተኰስበት እርሱ ነው። እንግዲህ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የዘገየነውን ፍርድ በሕይወቱ የሚከፍለውን ሰው ቢያንስ በስሙ ልናውቀው አይገባምን? ጠባቂውን ከልብ የሚያከብር ሹም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የዘገየውን ጉዳይ ፈጽሞ ከአደጋ የሚያወጣው ሹም ነው።

ክብሩ እንዴት ይሰጥ? የምናስበውን በአጭሩ እናመለክታለን።

መጀመሪያ፣ በየጥበቃው ስፍራ መዝገብ ይኑር፤ በመዝገቡም የጠፋው ብቻ ሳይሆን የዳነውም ይጻፍ። የተገደለውን ዝሆን የምንቈጥር እንደ ሆነ ከማሳ በሰላም የተመለሰውን መንጋ፣ ከእሳት የወጣውን እረኛ፣ ከጐርፍ የተረፈውን መንገደኛ ስለ ምን አንቈጥርም? ያልተጻፈ ሥራ ለአለቃ ሪፖርት ይሆናል፤ ለሠሪው ግን ምንም አይተርፈውም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዐይነት ምስጋና ይለይ። አንዱ ለብዙ ዓመት በታማኝነት ላገለገለ፣ ሁለተኛው በአንድ ቀን የሰው ነፍስ ላዳነ ይሁን። ነፍስ ያዳነው ሥራ ቶሎ ይታያል፤ የሠላሳ ዓመት ትዕግሥት ግን ካልፈለጉት አይታይም። ነገር ግን የዚያች አንዲት ቀን ድፍረት የሚገኘው ከብዙ ዓመት ልምድ ነውና፣ አንዱን አክብሮ ሁለተኛውን መርሳት ፍሬውን ወስዶ ዛፉን እንደ መቍረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስጋናው ሥራው በተሠራበት አገር፣ በሕዝብ ፊት ይሁን። በአዳራሽ ተነግሮ በአዳራሽ የሚቀር ምስጋና ለአለቆች ደስታ ነው እንጂ ለልጆች ትምህርት አይሆንም። የባቢሌ ጠባቂ በባቢሌ ገበያ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሸኾች ባሉበት ስሙና ሥራው ይነገር። በመልካም የተባበሩት ገበሬዎችም አብረው ይመስገኑ፤ ያለ እነርሱ ጠባቂው ብቻውን አንዲት ሌሊትም አይቆምምና።

አራተኛና ዋነኛው፣ ክብሩ አይዘግይ። አባቶች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ጠባቂው ከወደቀ በኋላ የሚነገር የሐዘን ንግግር ለርሱ አይሰማውም። ከወደቀ ግን ዕዳው ወደ ልጆቹ ይተላለፋል፤ የልጆቹ ትምህርትና የሚስቱ ጡረታ ሳይጓተት እንዲደርስ ማድረግ ከማናቸውም ሜዳልያ ይበልጣል። ኒሻን በደረቱ አድርገንለት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረን እንደ ሆነ ራሳችንን አሞገስን እንጂ እርሱን አላከበርነውም።

ለካህናት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዳዊት ንጉሥ ከመሆኑ በፊት በሜዳ ጠባቂ ነበር። ማንም ሳያየው ከአንበሳና ከድብ አፍ በግ ያስጣለ ሰው ነው። በሳኦል ፊት በቀረበም ጊዜ ያቀረበው ምስክር ይህንኑ በስውር የሠራውን ሥራ ነበር። እግዚአብሔር ያን የተሰወረ ሥራ አይቶ ሕዝብን እንዲጠብቅ መረጠው። ደግሞም በአገራችን ደጋ ሁሉ ጥንታዊው ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ያም የቀረው ትውልድ በትውልድ እየተተኩ የጠበቁት ካህናትና ምእመናን ስላሉ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ራሱ አገልግሎት እንደ ሆነ በዐውደ ምሕረት ለማስተማር ከካህናት የሚቀድም ማን ነው?

የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በሮቹም እንደ ቀድሞው ማታ አይዘጉም፤ ዛሬ ከተማይቱ ከቅጥሩ ውጭ ሰፍታለች። የሚጠበቀው ወሰን ግን አልጠፋም፤ ከፈላና በር ወደ ባቢሌ ቆላ፣ ወደ ባሌ ብርድ፣ ወደ ስሜን ገደል ርቆ ሄደ እንጂ። በዚያም እንደ ጥንቱ የበር ዘበኛ እኛ ስንተኛ የማይተኛ ሰው ቆሟል። የጥንቱን ዘበኛ ስም ሳንጽፈው ቀርተን ጠፍቶብናል፤ ያን ልንመልሰው አንችልም። የዛሬው ግን ገና በሕይወት አለ፤ ስሙንም ብንጠይቀው ይነግረናል። ሹማምንት ይጠይቁት፣ ጸሓፊዎች ይጻፉት፣ ካህናት ያስቡት። ያን ጊዜ ልጆቻችን በገዳይ ፉከራ ፈንታ የጠባቂን ስም እየሰሙ ያድጋሉ፤ አገርም የሚጠብቃት አታጣም።